ይድረስ ለጋሼ፦ ስለ መኪናዬ በር

ለተከበሩ አጎቴ፣ እኔ ከሚኒሶታ ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

«መኪና ገዝቶ መግባት አቃተው» ተብሎ የደረስዎት ወሬ እውነት ነው፤ ያወራልዎት ሰው ግን አሳጥሮታል። እዚህ አገር መኪና የሚከፈተው በሪሞት ስለሆነ የበሩን የቁልፍ ቀዳዳ የሚያስታውሰው የለም። ቀዳዳው ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲልስ ይከርምና በክረምት ደግሞ አስፋልት ላይ የሚበተነውን ጨው ይጠጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በገባበት ማለዳ የሪሞቱ ባትሪ ሞተ፤ ቁልፉም ገብቶ አልዞር አለ።

ያገሬ ልጅ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የፈላ ውሃ በጀበና ይዞ መጣ። ውሃው እዚያው ረግቶ በረዶ ይሆናል፣ መስተዋቱንም ሊሰነጥቀው ይችላል ብዬ ለምኜ መለስኩት። ሌላው ፍቱን የበረዶ ማቅለጫ አለኝ አለ፤ አምጣዋ ስለው መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል። ያዳኑኝ ጎረቤቴ እትዬ ናቸው፤ ቁልፉን የእጅ ማጽጃ አልኮል ቀብተው ሰጡኝ፤ በረዶው ለቀቀ። በሩ ቢከፈትም ቁልፉ እንደ ጠጠረ ቀረ።

እርስዎ ቢኖሩ «ዘይት ጠብ አድርግበት» ይሉኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና ዘይት እዚህ አያዋጣም። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ስስ የብረት ምላሶች ተደርድረዋል፤ የቁልፉ ጥርስ ሁሉንም እኩል ሲያደርጋቸው ነው የሚዞረው። ዘይት በብርድ ይወፍራል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ምላሶቹ ይያዛሉ። መድኃኒቱ ቆሻሻውን በማጽጃ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት መንፋት ነው። ግራፋይት ደግሞ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁሩ ነገር ነው። ከልጄ ቦርሳ እርሳስ ወስጄ የቁልፉን ጥርስ ግራና ቀኝ አጠቆርኩት። ሳላስገድድ ደጋግሜ አስገባሁ፣ አወጣሁ፤ ቁልፍ ውስጥ ከተሰበረ መዘዙ ብዙ ነውና። በመጨረሻ ያለ ድምፅ ዞረ።

ሸራ ለብሳ ለቆመችው ቮልስዎም አልፎ አልፎ ቁልፏን ያዙሩላት። እርሳሱን ግን በድሮው ዘይት ላይ አይደርቡበት፤ ጭቃ ይሆናል።

የላክሁልዎትን ገንዘብ በተመለከተ፣ ከወትሮው ያነሰው ለቁልፍ ሠሪ ከፍዬ ነው ልልዎት አስቤ ነበር። አሁን እርሳሱን ከየት እንዳመጣሁ ጽፌ ስለጨረስኩ ሰበቡ አመለጠኝ። የጎደለውን ለፋሲካ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ