የላንድክሩዘሬ ሞላ

መኪናውን ከፍ ማስደረግ የፈለገ ሰው ጋራዥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ኢንች?» ተብሎ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይባላል፤ ዋጋ ይነገራል፤ ክሪኩ ይገባል። መኪናዋ ምን እንደምትጭን፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመላለስ፣ ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔ በዚህ ነገር ተንገላትቻለሁ፤ እናቴም አብራኝ ተንገላታለች። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ኪሎው ነው፣ ኢንቹ ይደርሳል ብዬ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር የምከራከረው ለዚህ ነው።

መኪናዬ ላንድክሩዘር 80 ናት። ይህ ሞዴል በ1990 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ከቀዳሚው ከ60 የለየው ትልቁ ነገር ከሥሩ ነበር፤ በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራው ቀርቶ ሞላ ገባለት። አክስሉ ግን ከፊትም ከኋላም ድፍን እንደሆነ ቀጠለ። የእኔዋ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አላት። አቀበት ላይ አትቸኩልም፤ ግን ትደርሳለች። የገዛኋት ለመስክ ሥራ ሲጠቀምባት ከነበረ ሰው ነው። እሱ ዘንድ ሳለች ከፊት ከባድ የብረት ፓራውልትና ዊንች፣ ከኋላ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ፣ ከላይ ስኮርት ጎማዎች የሚጫኑበት ፖርቶ መጋላ ነበራት። ሲሸጥልኝ ያን ሁሉ ፈትቶ ለራሱ አስቀረ፤ መብቱ ነው። ያን ብረት እንዲሸከሙ የገቡት ጠንካራ ሞላዎች ግን ከሥሯ ቀሩ። ሸክሙ ሲወርድላት ቀና ብላ ቆመች። ጎረቤት ሁሉ ያደንቃት ነበር።

እህቴ የምትኖረው ባሌ፣ ደሎ መና ነው። እናቴ ልጇን ለማየት ስትል መንገዱ ቢረዝምም አታማርርም። በዚህችው መኪና ከአዲስ አበባ ይዣት ወጣሁ። ጎባ እስኪደረስ አስፋልት ስለሆነ ያን ያህል አልተቸገርንም፤ ጎድጓዳ በመጣ ቁጥር ከኋላ ነጠር ማለቷን ብቻ ልብ ብያለሁ። ከጎባ በላይ ግን የሳነቴ አምባ መጣ። ሳነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራው በየቦታው ቆሟል፤ ዕድለኛ የሆነ ሰው ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ያያል። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ትልቁን ቁጥር የያዘው የባሌ ተራራ ነውና። እናቴ ግን ያን ዓይነት አገር ለማየት ቀና ማለት አልቻለችም። ጠጠሩ መንገድ ላይ ጎማ የቀረጸው ተከታታይ ሞገድ አለ፤ ባዶዋ መኪናዬ በዚያ ላይ እንደ ጋሪ ዘለለች። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ መሬቱን እየለቀቁ ወደ ጎን ሸርተት ይሉ ነበር።

«ልጄ፣ ወገቤ አልቻለም። ትንሽ አቁምልኝ» አለችኝ።

አቆምኩ። ወርጄ ከሥር ሳይ አንዱ የኋላ አሞርዛተር ዘይቱን ተፍቷል። አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ይለዋል። ሥራው የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ያለ እረፍት ሲሠራ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፤ አረፋ ሲሆን ደግሞ መግታት ያቅተዋል። ጠንካራ ሞላ ለሚወረውረው ባዶ መኪና መደበኛ አሞርዛተር ማስገባት ያለ አቅሙ ማሠራት ነው።

ከአምባው ወደ ሪራ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በማርሽ ይዤ ብወርድም የፊት ፍሬኑ ሸራ ሸተተኝ። እያሳረፍኩ ወረድኩ። ከሥር የሐረና ደን ተቀበለን፤ ጥላው፣ ጉሙ፣ ያለ ተካይ የበቀለው ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ከባድ መኪኖች ጭቃውን በጎማቸው ቦይ አድርገውታል። እኔ ያቺ ከፍ ያለች መኪና ታልፋለች ብዬ ስገባ ዲፈረንሻሏ መሃል ያለው ጉብታ ላይ ተቀመጠ፤ አራቱም ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል። ጎትቶ ያወጣን የአይሱዙ ሾፌር ሰንሰለቱን እየፈታ «ወንድሜ፣ ከፍ ያለው ሰውነቷ ነው፤ ሆዷ የነበረበት ነው» አለኝ።

ትክክል ነው። ድፍን አክስል ባለው መኪና ሞላ ሲቀየር ከፍ የሚለው ከሞላው በላይ ያለው ብቻ ነው፤ ሻንሲው፣ የነዳጅ ታንኩ፣ አካሉ። ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር መሬት ላይ ይቀራል። እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የጎማው ቁመት በ5 ሴንቲሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው ግማሹን፣ 2.5 ሴንቲሜትር ነው። ሞላው የሚሰጠው ሌላ ነው፤ ለትልቁ ጎማ ቦታ ያስገኛል፤ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የፊትና የኋላ ጫፏ እንዳይነካ ያደርጋል። ይህን የሚያህል ልዩነት ለገዢ አለመንገር ነውር ነው እላለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ ጋራዥ ለጋራዥ ዞርኩ። አንዱ ከሞላው ላይ የጎማ ቀለበት ልጨምርልህ አለኝ። ቀለበት ከፍታ ይጨምራል እንጂ ሞላውን አያለሰልስም፤ የእኔዋ ደግሞ ከፍታ አልጎደላትም። ሌላው ሞላውን ቆርጬ ላሳጥርልህ፣ ዝቅ ስትል ትለሰልሳለች አለኝ። ይህ አደገኛ ምክር ነው። ሞላ ሲቆረጥ የሚሠራው ጥምዝ ቁጥሩ ስለሚያንስ ይበልጥ ይደድራል። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፤ በሽቦው ውፍረት፣ በክቡ ስፋትና በጥምዙ ብዛት። ከሁሉም የሚያይለው ውፍረቱ ነው። ሽቦው በ10 በመቶ ብቻ ቢወፍር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ያድጋል። በዓይን አይታይም፤ ወገብ ግን ያውቀዋል።

ነገሩን በኪሎ እናስበው። ከኋላ ሁለት ሞላ አለ። አንዱ ዓይነት 25 ኪሎ ሲጫንበት 1 ሴንቲሜትር ይጨመቃል፣ ሌላው ለዚያው 1 ሴንቲሜትር 40 ኪሎ ይፈልጋል እንበል። ልክ ከኋላ አክስሉ በላይ 400 ኪሎ ብንጭን ለእያንዳንዱ ሞላ 200 ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያው 8 ሴንቲሜትር ይወርዳል፣ ሁለተኛው 5። ሁልጊዜ ያን ያህል ለሚጭን ሰው ሁለተኛው በረከት ነው። ጭነቱ ከወረደ ግን መኪናው ያንኑ 5 ሴንቲሜትር ይነሣና ይደርቃል። የእኔዋ ግርማ ሞገስ ከዚህ የመጣ ነበር። ደህና ሞላ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለአንድ ሞዴል፣ ለአንድ ከፍታ እንኳ በጭነት የተለያዩ ሞላዎችን የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወደ መኪና ሚዛን ሄድኩ። ለማንም የምመክረው ይህን ነው። ታንኩን ሞልቼ፣ ቤተሰቡን አሳፍሬ፣ ለእህቴ የምወስደውን ዕቃ ጭኜ የፊቱን አክስል ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ አስመዘንኩ። የዘወትር ጭነቴ ቀላል መሆኑ ተረጋገጠ። ከፊት ከባድ ብረት የለም፤ ከኋላም ከ150 ኪሎ የሚበልጥ ዕቃ ብዙ ጊዜ አልጭንም። ለዚህ የሚሆነው ቀላል ጭነት የሚሸከም፣ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ሞላ ነው። አራት ኢንች የሚለውን ሐሳብ ጨርሼ ተውኩት። ከፍታ በነጻ አይገኝም፤ የመኪናዋ ክብደት መሃል ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ካልጨመረ፣ ለመገልበጥ ይበልጥ ትቀርባለች። እናቴን አሳፍሬ የሐረናን ቁልቁለት የምወርድ ሰው ነኝ።

ዕቃው በዱባይ በኩል መጣ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ይሠራል፤ የላንድክሩዘር መለዋወጫ ደግሞ በዱባይና በሻርጃ ሱቆች እንደልብ ነው። «አንተ፣ ይሄ ብረት ሻንጣዬን ሊበጥሰው ነው!» እያለ የፊቶቹን ሞላዎች በአንድ ሰው፣ የኋላዎቹን በሌላ ሰው ልኮ፣ አሞርዛተሮቹን ራሱ ይዞ መጣ። ባለውለታዬ ነው።

ሲገጠም ግን መኪናዋ ወደ ግራ አዘነበለች። መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የታመነ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ግራ ገባቸው። ሞላዎቹን አውርደን ጎን ለጎን ብናቆማቸው አንዱ ከሌላው ረዘም ይላል። አንዳንድ አምራቾች የሾፌሩን ክብደት እንዲያካክስ ብለው በሾፌሩ በኩል የሚገባውን በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ያስረዝሙታል። መለያ ወረቀቱ የተጻፈው ግን መሪው በቀኝ ለሆነ አገር፣ ለአውስትራሊያ ነው። ወረቀቱ «ቀኝ» ስላለ ረጅሙ በቀኝ ገብቷል፤ የእኛ ሾፌር የሚቀመጠው በግራ ነው። ተቀያየሩ፤ መኪናዋም ተስተካከለች።

«ጋሼ፣ የጎሚኒዎቹን ቡሎን መጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ተሰቅላ ሳለች ላጥብቀው? በሁለት ወር ይቀደዳል እኮ ልጄ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ጎሚኒ መጋጠሚያ ላይ የሚገባ ላስቲክ ነው፤ መኪናዋ ተሰቅላ ሳለች ከተጠበቀ መሬት ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ ያገኘ ሰው ሌላ ጋራዥ አይፈልግ።

ወደ ደብረ ዘይት ለሙከራ ስንወጣ መሪዋ መዋለል ያዘ። ጠብቄው ነበር። የፊት አክስሉ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ወደ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ክንዶች ነው፤ አካሏ ከፍ ሲል ክንዶቹ አዘንብለው አክስሉን ያዞሩታል። መሪን ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ መሃል የሚመልሰው ካስተር የሚባለው ማዕዘን በዚህ ይጠፋል። ፋብሪካው የሰጣት ወደ 3 ዲግሪ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ከፍታ አብዛኛውን ይበላዋል። መፍትሔው ቀዳዳው ከመሃሉ ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ጎሚኒ በክንዶቹ ላይ ማስገባት ነው። የአክስቴ ልጅ አብሮ ልኮት ስለነበር ገጠምነው፤ ዊል አላይመንት ተሠራ፤ መሪዋም ጸና። የፍሬን ቱቦዎቹንም ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳይወጠሩ አየናቸው፤ የኋላውን በረጅም ቀየርነው።

የሪራ ቁልቁለት ሽታ ምሥጢሩ የተፈታው በዚሁ ጊዜ ነው። ከኋላ አክስሉና ከሻንሲው መሃል አንዲት ዘንግ አለች፤ ጫፏ ላይ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ከብዶ አካሏ ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ስትሆን ይቀንሳል። ከፍ በተደረገች መኪና ላይ ግን ዘንጓ ካልተስተካከለች ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ ናት ብሎ ይፈርዳል። የኋላው ፍሬን ይሰንፋል፤ የፊቱ ብቻውን ይቃጠላል። ከፍ ስትደረግ ይህን ያስተካከለ ሰው አልነበረም። መካኒኩ የዘንጓን ማሰሪያ በሚበቃ ብረት አስተካክለው ልኩን መለሱላት። ይህች ሥራ ገንዘቧ ትንሽ ናት፤ መኪና ከፍ የሚያደርግ ሁሉ ግን ከሞላው እኩል ሊጠይቅባት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሳነቴን ስናቋርጥ እናቴ በመስኮት ቀበሮ ስትፈልግ ነበር። ወገቧ ጨርሶ አልታመመም አልልም፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው። ግን አቁምልኝ አላለችም። ሪራ ስንደርስም ፍሬኑ አልሸተተም።

የቀረኝ የጎማው ጉዳይ ነው። አሁን ያለው 275/70 አር16 ነው። ወደ 285/75 አር16 ብሄድ ቁመቱ በ4 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ዲፈረንሻሉ 2 ያገኛል፤ የሐረናም ጭቃ ይህን ይፈልጋል። በሌላ በኩል የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእውነት የምሄደው 105 ይሆናል፤ ያ ቱርቦ የሌለው ሞተርም አየሩ በሳሳበት ሳነቴ ላይ ትልቁን ጎማ መግፋት አለበት። መካኒኩ ተው ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ ግዛ ይለኛል። እኔ ወደ ጎማው እያደላሁ ነው፤ እህቴ ዘንድ የዝናቡ ወቅት ሳይገባ መወሰን ስላለብኝ ጎማ ቤቶች ጋ ዋጋ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።