ካሳ ሆኖ መቅረት

ስሜ ካሳ ነው፤ የአባቴ ደግሞ ኃይሉ። ይህን ሰምቶ ፈገግ የማይል ሰው የታሪክ መምህሩ ሲያስተምሩ ተኝቶ ያለፈ ነው። የነቃው «አባ ታጠቅ!» ይለኛል፤ እኔም ሳላስበው ቀበቶዬን እነካለሁ።

በስሜ እንዳልኮራ የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር አለ። ካሳዎች ነግሠዋል፤ ካሳ ተብሎ የነገሠ ግን የለም። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ገብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ሆኖ ወጣ። ያውም ቤተ ክርስቲያኑን ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው ነው ያሠሩት ይባላል። የትግራዩ ካሳ ምርጫም በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ዐራተኛ ተባለ። ሁለቱም ዙፋኑ ደጃፍ ሲደርሱ መጀመሪያ ያወለቁት ስሜን ነው፤ እንደ ጫማ። እርግጥ ጎበዜም ተክለ ጊዮርጊስ፣ ተፈሪም ኃይለ ሥላሴ ተብለዋል። ንግሥት ዘውዲቱ በስማቸው ነገሡ፤ ዘውዱ አስቀድሞ ስማቸው ውስጥ ስለገባ ይሆናል።

ሞክሼነት ፍቅር ያመጣል ለሚለኝ ሰው ደግሞ መቅደላን እጠቅስለታለሁ። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ጦሩን ይዞ ወደ ቴዎድሮስ ሲገሰግስ፣ በትግራይ መንገዱን የለቀቀለት ካሳ ምርጫ ነበር። እንግዳውም ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። ከሞክሼ ይሰውር!

ለነገሩ አባቶቻችን ሞክሼ የሚለዩበት ብልሃት ነበራቸው፤ የፈረስ ስም። አባ ታጠቅ ካሳ ቢባል የቋራው ነው፤ አባ በዝብዝ ካሳ ቢባል የትግራዩ። እኛ ፈረስ የሌለን ካሳዎች በመልካችን ነው የምንለየው። መሥሪያ ቤታችን ሦስት ካሳ አለ፤ አንዱ ቀዩ፣ አንዱ አጭሩ፣ እኔ ራሰ በራው። ፀጉር ቢያበቅልልኝ ደብዳቤዬ ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው።

ባለፈው ጨጓራዬን አሞኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍሏ ልጅ «ካሳ ኃይሉ!» ብላ ስትጣራ ሁለት ሰው ተነሣን፤ እኔና ክንዱን በነጠላ ያንጠለጠለ ጎረምሳ።

«ከነአያት ንገሩኝ» አለች።

«ወልደ ሚካኤል» አልኩ። እሱም «ወልደ አማኑኤል» አለ። ኮምፒውተሩ ለካ «ወልደ» ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ሐኪሙ ጋ ስገባ ደህና እጄን ይዞ እያገላበጠ፣ «አባባ፣ ስብራቱ እንኳን ቀላል ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜ ኳስ ምን ሊያደርግልዎ?» አለኝ። ጎረምሳው ወተት እንዲጠጣ ተነግሮት ወጥቷል።

እዚያች መስኮት ጋ ቢሰለፉ ኖሮ ታላላቆቹም አይተርፉም ነበር። ቴዎድሮስ ካሳ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የሰላሌው ራስ ካሳ ደግሞ ካሳ ኃይሉ ወልደ ኪሮስ። ካርዳቸው ያው አንድ ነው።

እኔ የምወደው እኒህን ራስ ካሳን ነው። ቴዎድሮስ ከሞቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይተው በ1873 ዓ.ም. ተወለዱ። በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ናቸውና የሣህለ ሥላሴ ደም አለባቸው፤ ዙፋኑን ቢመኙ ማንም «ከየት መጣ?» አይላቸውም። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያነግሡ ኖሩ። ገና ደጃዝማች ሳሉ በ1903 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወክለው የጆርጅ አምስተኛን የዘውድ በዓል ሊያከብሩ ለንደን ተጓዙ። በ1923 ዓ.ም. የተፈሪን ንግሥ አጀቡ። ሳይነግሥ የቀረውን ልጅ ኢያሱን እንኳ ፍቼ ላይ ሲጠብቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ተምቤን ላይ ጦር መርተው ተዋጉ፤ ተሰደዱ፤ ተመለሱ፤ በ1949 ዓ.ም. ካሳ እንደተባሉ አረፉ። ስሜን ሳያወልቅልኝ የቀረ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ በእኔ ሚዛን ከሁለቱ ነገሥታት ይበልጡብኛል።

ባለቤቴ በዚህ አትስማማም። ልጃችን ሲወለድ፣ «ኋላ ከሚቀይረው አሁኑኑ ይያዘው» ብላ ቴዎድሮስ አለችው። ሲጠራ እንግዲህ ቴዎድሮስ ካሳ ነው። የሚያገኘው ሰው ሁሉ የድምፃዊው የቴዎድሮስ ካሳሁን ሞክሼ አድርጎት፣ «ቴዲ፣ እስቲ አንዴ!» ይለዋል። የእኔ ልጅ ደግሞ ግብዣ እንቢ አይልም፤ ድምፁ ግን በእናቱ ወገን የመጣ ነው።