ኮንቴይነሩ ሳይከፈት

ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ወረፋ ላይ ነን። ጥላ ያለው ተሳቢው ሥር ብቻ ነው፤ እሱም የጋለ ምጣድ ሥር እንደ መተኛት ነው። ረዳቴ ስልኩን ደቀነብኝ። አንበሳ፣ ጋማው እሳት። ያምራል።

«የማን ሥራ ነው?»

«የኔ። በኤአይ።»

«ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?»

«አዘዝኩ።»

«እኔስ ሻይ ሳዝ ባለ ሻይ ቤት ተብዬ አውቃለሁ?»

«ጋሼ፣ መኪናውን የሚጎትተው ሞተሩ ነው፤ አበሉን የሚበሉት ግን እርስዎ ነዎት።»

ይቺን ዋጥኳት። እሱ ግን አልተወኝም።

«ሶፊያን ያውቋታል?»

«የማን ልጅ ናት?»

«ሮቦቷ!»

አወቅኳት። ሆንግ ኮንግ ተሠርታ፣ አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ ሶፍትዌሯ ላይ እጁን ያስገባባት። የኛ ልጆች ለአንዲት ኢቃማ ዕድሜያቸውን የሚገፉባት ሳውዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ዜግነት የሰጠቻት። በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ ዕቃዎቿን የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት ነበር፤ በዚህ እንኳ ሀበሻ ናት።

«በ2021 ከአንድ ጣሊያናዊ አርቲስት ጋር የሠራችው ዲጂታል ሥዕል 688,888 ዶላር አወጣ። ያኔ ‹ጥበብ› ተባለ። እኔ ስሠራ ‹ማሽኑ ነው የሠራው›። እሷ እኮ ራሷ ማሽን ናት!»

«እሷ ስም አላት። አንተ ያለህ 9 በመቶ ባትሪ ነው።»

«ስሙንስ ከየት አመጣችው?»

እዚህ ላይ ያዘኝ። «አፈወርቅ ተክሌን እይ» አልኩት። «መጀመሪያ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር መስታወት ሠሩ፤ ማዕረጉ በኋላ ተደረደረ። ‹እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት› ብለህ ሙሉውን ልጻፍ ብትል ተሳቢ ያስፈልግሃል።»

«ሶፊያስ?»

«የሷ ማዕረጉ ቀደመ፤ ሥዕሉ ተከተለ።»

«በ2018 ጨረታ ቤቱ ክሪስቲስ ኒውዮርክ ላይ የሸጠውስ? ከ10,000 ዶላር አይዘልም የተባለ የኮምፒውተር ሥዕል 432,500 አወጣ። ፊርማው ቦታ ላይ ያለው የሒሳብ ቀመር ነው፤ የማን ስም ሆኖ ነው?»

«ፊርማው ቀመር ይሁን፤ ማኅተሙ የክሪስቲስ ነዋ! እዚህ ግቢ ኮንቴይነር ውስጡ ታይቶ የሚወጣ ይመስልሃል? ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ነው። ስም ከሌለህ ወርቅም ብትጭን ፀሐይ ላይ ትውላለህ።»

ተራችን ደረሰ። በሩ ላይ ጥበቃው ሰነዳችንን ሲያገላብጥ ዓይኑ የረዳቴ ስልክ ላይ አረፈ።

«ጥሩ አንበሳ። ማን ሠራው?»

ረዳቴ ዞር ብሎ አየኝ።

«ሶፊያ» አለ።

ጥበቃው የራሱን ስልክ አውጥቶ ፎቶ አነሳው።