«ማን ልበል?» ሲሉህ አትኩረፍ

አፕ የሚሠሩ ወንድሞቻችን አንድ የጋራ ለቅሶ አላቸው፦ «የአየር ሁኔታ ዳታ አጣን!» እዬዬም ሲዳላ ነው። እስቲ እንባቸውን እየጠረግን እንመልስላቸው።

— በነፃ የሚሰጥ የለም።
— የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአዲስ አበባን ትንበያ ሳይቀር በነፃ ይሰጣል። ኦስሎ ተቀምጦ ስለ ሽሮ ሜዳ ዝናብ የሚያስብ እያለ፣ አንተ ሽሮ ሜዳ ተቀምጠህ የሰው ክሬዲት ካርድ ትለምናለህ!

— ሞክሬ 403 ብለው መለሱኝ።
— «ማን ልበል?» ነው ያሉህ! ዩዘር ኤጀንቱ ላይ የአፕህን ስምና አድራሻህን ጻፍ፣ በቃ። ሁለት ጉርድ ፎቶና ዋስ አምጣ ቢሉህ ኖሮ እኮ ሌሊት ወጥተህ ትሰለፍ ነበር።

— ቦታውን ግን አጥርቼ ነው የላክሁት፤ ከነጥብ በኋላ አሥር አኃዝ!
— ከአራት አይለፍ ብለዋል። አራተኛው አኃዝ ራሱ ወደ 11 ሜትር ያወርድሃል። አንተ ዝናቡ በየትኛው ጫማህ ላይ እንደሚያርፍ ነው እንዴ የምትጠይቀው?

— እንግዲያው ወደ አሜሪካኖቹ ሄድኩ፤ ቁልፍም ክፍያም የለም።
— እውነትህን ነው። የብሔራዊ አየር ሁኔታ አገልግሎታቸው ዋና መሥሪያ ቤትም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሐበሻው መሃል። ዘመድ ያገኘህ መስሎህ የቦሌን ነጥብ ላክህ፤ 404! ያ ትንበያ ለአገራቸው ብቻ ነው፤ አንተ የተከለከልከውን ቪዛ ኮኦርዲኔትህም ተከለከለ። ዓለምን በሙሉ የሚሸፍነው ጂኤፍኤስ የተባለው ሞዴላቸው ነው፤ በቀን 4 ጊዜ ይሠራል፣ ፋይሉም ለማንም ክፍት ነው።

— እሱንም አውርጄው አዲስ አበባ 295 ዲግሪ አለኝ።
— ኬልቪን ነዋ! 273 ቀንስለት፣ 22 ይሆናል። አንተ ግን ሳትቀንስ ለሕዝብ ለቀቅኸው፤ በዚያ ሙቀት ሽሮው ያለ እሳት ይንተከተካል።

— ዝናቡስ? 12 ሰዓት ብሎ በ9 ወረደብኝ።
— በዓለም አቀፉ ሰዓት 12 ማለት እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ዝናቡ በቀጠሮው መጣ፤ ያረፈደው አፕህ ነው።

— ጀርመኖቹ ግን ያስከፍላሉ ሲባል ሰምቻለሁ።
— አሮጌ ወሬ! እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጋቸውን አሻሽለው የሜትሮሎጂ አገልግሎታቸውን ዳታ ከፍተውታል። የሚያስከፍሉት በራሳቸው አፕ ነው፤ እሱንም ወደው አይደለም። አንድ የግል ተፎካካሪ ከሰሳቸው፣ ፍርድ ቤቱም ከማስጠንቀቂያ ያለፈውን አገልግሎት በነፃ እንዳትሰጡ አላቸው። እነሱ በነፃ ለመስጠት እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሟገቱ፤ አንተ በነፃ ለመውሰድ አንድ ገጽ መመሪያ ማንበብ ከበደህ።

— እሺ ልውሰድ። ግን ምንጩን ጥቀስ ይላሉ፤ ስማቸውን ካየ ተጠቃሚው ትንበያው ያንተ አይደለም ይለኛል።
— አይዞህ፣ ትንበያው የሳተ ዕለት ስማቸውን ለመጥራት የሚቀድምህ የለም።