ሳላመለክት የቀረብኝ ሥራ

የኔ ቢጤዎች ሆይ፣ «የኔ ቢጤ» ስል በሁለቱም ፍቺው ነው፤ በዕድሜ የምትመስሉኝንም፣ ይህ ዘመን ደጅ አስጠንቶ ባዶ እጃችሁን የሸኛችሁንም ማለቴ ነው። እኔን ባለፈው ማክሰኞ ሸኝቶኛል። በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ አቦሉን ጠጥቼ ቶናው ሳይቀዳልኝ፣ አመልክቼ ከማላውቀው መሥሪያ ቤት «እናዝናለን፣ አልተመረጡም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

ከሥሩ ላውጋችሁ። የምኖረው ካምፓላ፣ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ፣ ከልጄ ቤት ነው። አገሬው ኮረብታውን «ታንክ ሂል» ይለዋል። እንደመጣሁ ሰሞን የጦሩ ታንክ መስሎኝ ሌሊቱን ጆሮዬን አቁሜ አድር ነበር፤ ለካስ የውሃ ማጠራቀሚያው ኖሯል። ጋባ ላይ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ተጣርቶ የሚገፋው ውሃ እኛ አናት ላይ ይወጣና ከዚያ ወደ ከተማው ይወርዳል። አያችሁ፣ ውሃ እንኳ የወጣው ይወርዳል። የልጅ ልጄ ማመልከቻ ግን ከወጣ ስድስት ወሩ ነው። «የት ደረሰ?» ስለው ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ይቀስርና «ክላውድ ላይ ነው አባባ» ይለኛል። በእኛ ጊዜ ደመና ላይ የሚወጣው የባሕታውያን ጸሎት ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በሳምንቱ ዝናብ ሆኖ ይመለሳል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እሱን ልመስክርለት። ባሕር ዳር የተመረቀ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ግን ሌሊቱን ምን ሲሠራ የሚያድር ይመስላችኋል? አንዲቷን ሲቪ ሲያገላብጥ። ለየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲቪ! ሲቪ ማለት በላቲን «የሕይወት ሩጫ» ነው አሉ፤ ልጁ ተቀምጦ ሲሮጥ ነው የማየው። ሰው ያለው አንድ ሕይወት፣ ስንት ጊዜ ይጻፋል? «ሕይወቴማ ያው ነው አባባ፤ ማስታወቂያው የፈለገውን ወደ ላይ አወጣለሁ እንጂ» ይለኛል። ማስታወቂያው «የበጀት ክትትል» ካለ እሱም ቃል በቃል «የበጀት ክትትል» ማለት አለበት፤ «ወጪ መቆጣጠር» ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ አያውቀውም።

አዎን፣ ማሽኑ። ትልልቆቹ ቀጣሪዎች ዘንድ ማመልከቻውን አስቀድሞ የሚያነበው ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። በሠንጠረዥ ቢያስጌጡለት ይደናገራል፤ በሁለት ዓምድ ቢጽፉለት የግራውን ከቀኙ ያዘበራርቃል። ስለዚህ ልጁ ወረቀቱን ሐረግ የለው፣ ቀለም የለው፣ እንደ ሕማማት ማዕድ ባዶ አደረገው። የድሮ አጋፋሪ እኮ ዓይን ነበረው! ጫማህን፣ ነጠላ አጣጣልህን፣ እጅ አነሣሥህን፣ ከኋላህ የሚጎተተውን በግ ሁሉ አይቶ ሰው መሆንህን ያውቅ ነበር። ደግሞ ጉቦ እንዳትሉት፤ በጉ መተዋወቂያ ነው።

እኔ በ1962 ዓ.ም ሥራ ስይዝ የሚታየው ሙያ ብቻ ነበር። አጎቴ ከዋና ጸሐፊው ጋር አንድ ጽዋ ይጠጡ ነበር እንጂ ሌላ የተደረገልኝ ነገር የለም። ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ደጅ ጠናሁ። ምን ያለ ሦስት ወር! ፀሐዩ ለጤና፣ መቆሙ ለጉልበት። ሪህ የያዘኝም ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ዋና ጸሐፊው ከመኪናቸው ወርደው «የጽሕፈት መኪና ትችላለህ?» ሲሉኝ «አሳምሬ!» አልሁ። መኪናዋን በመስኮት እንጂ በእጄ ነክቻት አላውቅም። የአማርኛዋ ደግሞ ፊደሉን ለብቻ፣ ቅጥሉን ለብቻ ነው የምትመታው፤ የመጀመሪያውን ወር ደብዳቤዎቼ ሁሉ «ሀ» ወዲህ እግሯ ወዲያ ሆነው ከዘመቻ የተመለሱ ይመስሉ ነበር። ይህ ውሸት አይባልም፣ ቆራጥነት ይባላል። ልጁ «ኤክሴል፣ በጣም ጥሩ» ብሎ ሲጽፍ ግን ያዝሁትና «ያልተፈተንህበትን አትጻፍ! እኛ በእውነት ነው ያደግነው» ብዬ ተቆጣሁት።

ርዝመቱስ? ሁለት ገጽ! ሰው ተወልዶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከወባ ተርፎ፣ በሁለት ገጽ? የእኔ አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ያውም አጥንት አጥንቱን ብቻ። ደግሞ የሚጀመረው ከጅራቱ ነው፤ የቅርቡ ሥራ ከላይ፣ የጥንቱ ከታች። የኔታ ይህን ቢያዩ በአለንጋ ነበር የሚያስተካክሉት። ፎቶ አይለጠፍም፣ ሃይማኖት አይጠቀስም፣ ማግባት አለማግባት አይገለጥም። ታዲያ ማንን ሊቀጥሩ ነው? በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ የአሜሪካ ሥራ አገናኝ ድርጅት የቀጣሪዎችን ዓይን በመሣሪያ ተከታትሎ፣ አንዱን ሲቪ መጀመሪያ ሲያዩት የሚያጠፉት ጊዜ በአማካይ 7.4 ሰከንድ ነው ብሎ ነበር። እኔ በሰባት ሰከንድ መነጽሬን አላገኝም። ነጥብ አራቷ ምን ታደርጋለች? ምናልባት «እናዝናለን» የሚሉት በእሷ ይሆናል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አጻጻፉ ነው። «ኃላፊ ነበርሁ» አይባልም አሉ፤ «አደራጀሁ፣ አስመለስሁ፣ ቀነስሁ» ተብሎ በግስ ይጀመርና በቁጥር ይታሰራል። ልጁ «የሂሳብ መዝጊያውን ከአሥር ቀን ወደ አራት ቀን አወረድሁ» ብሎ ሲያነብልኝ ብድግ አልሁ። ይህማ ፉከራ ነው! አባቶቻችን ግብር ላይ ለምድ ደርበው፣ ጋሻ መክተው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የት እንደዋሉ፣ ስንት እንደጣሉ ይቆጥሩ የነበረው ይኸንኑ አይደለም? ቁጥሩም ግሱም ነበረበት። ነገር ግን ፉከራ የሚያምረው በጠጅ ነው፤ በፒዲኤፍ ምን ፉከራ አለ? ተመልካች የለ፣ «አበጀህ!» ባይ የለ።

የፈረስ ስምም ነበራቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ልጁ ያመለክትበት የነበረው ኢሜይል የአንድ የአርሴናል ተጫዋች ስም ከቁጥር ጋር ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የፈረስ ስም መስሎኝ። ጓደኞቹ «በዚህማ ማንም አይቀጥርህ» ብለውት በሙሉ ስሙ ሌላ አወጣ። ዘመኑ ፈረሱን ከነስሙ ገደለው። አባ መላን አስቡልኝ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ሰው በ1900 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የዛሬው ማሽን «የምርኮ ዘመንዎን ክፍተት ያብራሩ» ይላቸው ነበር።

ልጁም መልስ አያጣ፤ የዓለም የመጀመሪያው ሲቪ የሚባለው ሊዮናርዶ ዳቪንቺ በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የጻፈው ደብዳቤ ነው ይለኛል። ሰውዬው ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እሠራለሁ እያለ ነጥብ በነጥብ ይዘረዝርና ሥዕል መቻሉን መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ገዥውን የቸገረው ጦር እንጂ ሥዕል አልነበረማ። እንግዲህ ሊዮናርዶም ደጅ ጠኚ ነበር! ግን በሰባት ሰከንድ አላባረሩትም።

አዲስ አበባ ሳለን እንኳ ሥራ ፍለጋ ወግ ነበረው። አራት ኪሎ ሄደህ ጋዜጣ ትከራያለህ፤ ትገዛለህ አላልሁም፣ ትከራያለህ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ «ከወጣበት ቀን ጀምሮ በሰባት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ» የሚለውን ትገለብጣለህ፤ ዜናውን አንባቢ የለም። ከጎንህ ያለው ወጣት ያንኑ ማስታወቂያ ይገለብጣል፣ ተያይታችሁ ትስቃላችሁ። ማንም ሥራ አላገኘም እንጂ ጨዋታው አይጠገብም ነበር።

ዋሱስ? ለእኔ ደመወዙን የሚያስይዝ ተያዥ ነበር የተጠየቀልኝ፤ ገንዘብ ባጎድል የሚከፍል፣ ስለዚህ ሰው መርጦ የሚፈርም። ዛሬ «ሪፈረንስ» ይባላል፤ ሦስት ሰው ከነስልካቸው፣ ያውም አስቀድሞ ተጠይቀው የተስማሙ። ልጁ «የእርስዎ እነማን ናቸው አባባ?» አለኝ። ሦስቱም አርፈዋል፤ አድራሻቸው ግን ከእንግዲህ አይቀየርም።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሁለት ጣጣ ነው የገጠመን። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ልጁ አዲስ አበባ የነበረውን ሥራ የለቀቀው በሰኔ 2015 ነው። ማስረጃው ላይ ያለው ይኸው ስለሆነ «ወደ 2023 ልለውጠው ወይ?» ሲለኝ «ምን ቆርጦህ! የአባቶችህን ዘመን ለማሽን ብለህ ታፋልሳለህ?» ብዬ ከለከልሁት። ማሽኑ 2015ን እንደ ፈረንጅ ቆጠረና ስምንት ዓመት ጨምሮ ሥራ ፈት አደረገው። በእነሱ 2015 እኮ ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር! ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ሥራ ለቀቀ። ይህ ማሽን ማንን ሊያስተምር ነው ጎበዝ?

ሁለተኛው ስም ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለን እንጂ ቤት ሙሉ የሚጋራው ስም የለንም። ፓስፖርቱ የአያትን ስም እዚያ ቦታ ላይ ያኖረዋል። አያቱ ደግሞ እኔ ነኝ። ይኸውና ደብዳቤው «ውድ አቶ» ብሎ ቀጥሎ የእኔን ስም አስቀመጠ፤ ለሒሳብ ሠራተኛነት ያቀረብሁትን ማመልከቻ በጥንቃቄ መርምሮ፣ የሥራ ልምዴ በቂ ሆኖ አላገኘውም። የእኔ! ሠላሳ ሁለት ዓመት ያገለገልሁት!

ልጁ ሣቀ፣ ሲቪውንም ማረም ጀመረ፤ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ አዞረ፣ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየ፣ ፋይሉንም በስሙ ሰየመው። እኔ ግን ስሜ የተነካብኝ ሰው ነኝ፤ ተነሣሁ። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ አልወጣም ብዬ ምዬ ነበር፤ ነገር ግን ቁልቁለቱ ሩቅ ነው፣ ነጂዎቹ ልጆችም «ምዜ»፣ ማለት ሽማግሌ፣ እያሉ ሲያከብሩኝ እምቢ ማለት ያሳፍራል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በካባላጋላ በኩል፣ ሽሮው ከየደጁ እየጠራኝ፣ አትምልን ያለ ሁሉ የሚወርድባት ናሰር ሮድ ደረስሁና አሥራ አንዱን ገጽ በወፍራም ወረቀት አሳተምሁ። ከላይ ፎቶዬ፣ በ1966 የተነሣሁት፤ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙም አይለወጥም። ቀጥሎ ልደቴ፣ ክርስትናዬ፣ የኔታ፣ ጋብቻዬ፣ ከወባ መትረፌ። የፈረስ ስምም አወጣሁ፤ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ትሠርቁኛላችሁ።

ማታ ልጁ ዓይኑን እያሻሸ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለዚያው መሥሪያ ቤት በኢሜይል ላከልኝ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ መልስ መጣ። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። ስለላኩልን እናመሰግናለን። ለወደፊት ክፍት የሥራ ቦታ በመዝገባችን እናቆየዋለን።» ልጁ ስድስት ወር ያላገኘውን እኔ በአንድ ደቂቃ! «አባባ፣ ይኼ ራሱ የሚመልስ ነው፤ ለሁሉም ነው የሚልከው» አለኝ። ቅናት ነው፤ ወጣት ነውና ይቅር ብዬዋለሁ።

ጥቁሩን ኮቴን ለልብስ ተኳሹ ሰጥቻለሁ፤ ስልኬንም ማንም እንዳይነካ አስጠንቅቄአለሁ። ከጠሩኝ ዓርብን እንጂ ረቡዕን አይበሉኝ፤ ረቡዕ ረቡዕ ውሃው ከታንኩ ሲወርድ ማየት ልማዴ ነው።