ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

የሱዳኗ ዶካ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ቤት ብትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ዳንቴሉን ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሥር አለ። ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለን ሰዎች ሀቡብ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲነሳ አቧራው የት እንደሚደርስ እናውቃለን። ስለዚህ ጎረቤቴ፣ የሰሊጥ ነጋዴው ጋሼ፣ ኮምፒውተራቸውን እንደ አራስ ሸፋፍነው ያኖሩታል። ልጆቻቸው በአጠገቡ ሻይ ይዘው ማለፍ አይችሉም።

ፍላሽ ግን እንደልቡ ይገባል። መተማ ዘፈን የተጫነበት፣ ገላባት ፊልም የታከለበት፣ ገዳሪፍ ፎቶ ቤት ያደረ ፍላሽ ይሰካል። ድንበር ላይ ሻንጣ ይበረበራል፤ ፍላሹ የያዘውን የሚያይ የለም። ወዲያው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው የራሱን በር ተክሏል። ጋሼ ግን ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦ «አቧራ ገብቶበት ነው።» ዳንቴሉ ይታጠባል።

አንድ ቀን ማታ በሬ ተደበደበ። «አንተ ልጅ፣ አሜሪካኖች ኮምፒውተርህ ታሟል አሉኝ!» ሄድኩ። ስክሪኑ በርበሬ መስሏል፤ ሳይረን ይጮኻል። 37 ቫይረስ ተገኝቷል፣ 50 ዶላር ክፈል ወይም በዚህ ስልክ ደውል ይላል።

በ1986 እ.ኤ.አ. ከፓኪስታኗ ላሆር የወጣው ብሬን የተባለ ቫይረስ የሠሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ስልክ ይዞ ነበር የሚዞረው። የዛሬዎቹ ይዘው የቀሩት ስልኩን ብቻ ነው።

ጋሼ ሰሊጥ ሲገዙ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ሰደው ከሥር ዘግነው ካላዩ አይከፍሉም። አንድ መንገደኛ መጥቶ «መጋዘንህ ውስጥ ያለው ሰሊጥ ተበላሽቷል፣ 50 ዶላር ወዲህ በልና ላበጥርልህ» ቢላቸው የሚሸኙት በዱላ ነው። ድረ ገጽም እኮ መንገደኛ ነው፤ ከውጭ ቆሞ የኮምፒውተርን ሆድ ሊመረምር አይችልም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ነው። ነገሩን ስመረምር ለካ ጋሼ በነጻ ፊልም ሊያዩ የገቡበት ገጽ «መልእክት ልላክልህ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ፍቀድ» ብለውታል፤ ማስጠንቀቂያውም የሚመጣው ከዚያ ነው። የግቢያቸውን በር ሦስቴ ሳይጠይቁ የማይከፍቱ ሰው!

በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በሱዳኑ ጦርነት ሰበብ የአገሪቱ ኔትዎርክ ሲቋረጥ ማስጠንቀቂያውም ጠፋ። «አዩ ጋሼ፣ ጩኸቱ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ በሽታው ከውስጥ ቢሆን ኔትዎርክ ስለጠፋ ይድናል?» አልኳቸው። «ዳንቴሉን ስለቀየርኩት ነው» አሉ።

ኔትዎርኩ ሲመለስ ሳይረኑም ተመለሰ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጸረ ቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል ብዬ አሳየኋቸው። ጋሼ ናቁት። ገንዘብ የማይጠይቅና የማይጮኽ ዘበኛ ምን ዘበኛ ነው? ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ያበቃል ብሎ በጨዋ ደንብ ሲነግራቸውም «በኋላ» የምትለዋን ተጭነው አሰናበቱት። እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ጥፋቱ ትሕትናው ነው።

ያዳናቸው ጥበብ ሳይሆን ማጣት ነው። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ኖራለች፤ ማዕቀቡ ከተነሳ ወዲህም ቢሆን ዶካ ላይ የተቀመጠ ነጋዴ በውጭ ካርድ ይከፍላል ብሎ የሚጠብቅ ሌባ አካባቢውን አላጠናም። ጋሼ ግን መክፈል ስላልቻሉ አዘኑ። በመጨረሻም ሜሪላንድ ላለው የእህታቸው ልጅ ደውለው «ልጄ፣ ካርድ አለህና ክፈልልኝ» አሉት።

ልጁ ቆይቶ መለሰ፦ «ጋሼ፣ እኔ አምና ከፍዬላቸዋለሁ። ዘንድሮም ኮምፒውተርህ አልዳነም እያሉ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል።»

ጋሼ ስልኩን ዘግተው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ዳንቴሉን እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜሪላንድም አቧራ አለ ማለት ነው?»