ሐተታ ዘነጭ አዝሙድ፦ ስለ ዘይቱ ባሕርይ፣ አወጣጥና ግብር

ነጭ አዝሙድ ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ወደዚህ ሐተታ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ፍሬ በመዳፉ አሽቶ ያሽትት። ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ የዘይቱ ነው። የቀረው፣ ለባልትና ባለሙያዎች ካለን አክብሮት ጋር፣ ገለባ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ትውልዱ። ነጭ አዝሙድ ከድምብላል፣ ከእንስላልና ከካሮት ወገን ይቆጠራል። የስካንዲኔቪያ ሰዎች አኳቪት የሚሉትን አረቄ የሚያጣፍጡበት ካራዌይም የአጎቱ ልጅ ነው። ዘመድ ግን ከዘመድ ይበላለጣል፤ የካራዌይ ዘይት ጉልበቱ ካርቮን የተባለ ውሁድ ሲሆን፣ የእኛው ባለማዕረግ የሚመካው ቲሞል በተባለው ነው። ከ100 ኪሎ ደረቅ ፍሬ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ዘይት ይወጣል፤ ከዚህም ብዙውን ጊዜ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቲሞል ነው። ዘይቱ በደንብ ሲቀዘቅዝ ቲሞሉ ነጭ ክሪስታል ሆኖ ይረጋል።

አሁን ብዙ ተማሪ ወደሚሰናከልበት ምሥጢር እንግባ። ቲሞል ለብቻው የሚፈላው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ታዲያ ከ100 ዲግሪ ባልበለጠ እንፋሎት እንዴት ተነሥቶ ይሄዳል? ምላሽ፦ ውሃና ዘይት ስለማይዋሐዱ እያንዳንዱ የራሱን ተን ይገፋል፤ የሁለቱ ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ሲተካከል ድስቱ ይፈላል። ስለዚህ ኩሩው ቲሞል ውሃን ታክኮ ይወጣል። አረቄ አውጪ እናት ይህን ብትሰማ አትደነቅም፤ ማሰሮው፣ መቃውና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው መቀበያ እርሷም ዘንድ አሉ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። አረቄ ከውሃ ጋር ይስማማል፤ የአዝሙድ ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ስለ ምን? ከውሃ ስለሚቀል፤ አንድም ስለ ትዕቢቱ። ፍሬው ሊነጠር ሲል መከካት አለበት፤ ተከክቶ ያደረ ፍሬ ዘይቱን ለነፋስ ይገብራል።

ግብሩ ሰፊ ነው። ቲሞል በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ ንብ አርቢዎችም ቫሮዋ የተባለውን ተባይ ያባርሩበታል። ታላቁ ዘመቻው ግን በ1909 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሮክፌለር የንጽሕና ኮሚሽን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በመንጠቆ ትል ላይ ያካሄደው ነው። ሕሙማኑ ቲሞል ይውጡ፣ የሚያስቀምጥ ጨውም ይከተል ነበር። በዚያን ቀን ቅባትና አልኮል ግን እርም ነበር። ቲሞል በሁለቱም ስለሚሟሟ ትሉን ትቶ ወደ ባለቤቱ ደም ይገባልና።

እዚህ ላይ ሊቃውንት ሁሉ ባርኔጣቸውን ያውልቁ! ሐኪሞቹ የፈሩትን ይህንኑ ባሕርይ የእኛ ሴቶች ለቅቤ ማንጠሪያ አዋሉት። ነጭ አዝሙድ ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ቅቤ ውስጥ ሲገባ ሽታው በስቡ ይያዛል፣ ቅቤው ተነጥሮ ከተቀመጠም በኋላ ይቆያል። ለዚህ ጥበብ ማንም ዲግሪ አልሰጣቸውም፤ እኛ በዚህ ሐተታ ሰጥተናል።

ዛሬ አብዛኛው ቲሞል በፋብሪካ ከሜታክሬሶል ይሠራል። ይህ አሳዛኝ ዜና ስለሆነ አናብራራውም።

አንባቢ ሆይ፣ ፍሬውን እንደ ልማድህ ብላ። በጠርሙስ የሚሸጠውን ንጹሕ ዘይት ግን አትጠጣ፤ ሳታቀጥንም ቆዳህ ላይ አታፍስስ፤ ያቃጥላል።